ፎርማት አታድርጉብኝ

እኛ አገር ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። ፎርማት። ቀርፋፋ ሆነ? ፎርማት ይደረግ። ቫይረስ ገባው? ፎርማት ይደረግ። ድምፁ ጠፋ? እሱም ፎርማት ይደረግ ይባላል፤ ኋላ ላይ አንዱ ቁልፍ ሳይታወቅ ተነክቶ ድምፁ መዘጋቱ ይደረስበታል። ኮምፒውተር ቤት የሚሠሩትን ልጆች አልወቅስም። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ያጣድፋል። ፎርማት ፈጣን ነው፣ ውጤቱ የታወቀ ነው፣ ዋጋውም የተቆረጠ ነው። ብቻ ፎርማት የሚያደርገው ልጅ የሚያየው ማሽኑን ነው። ማሽኑ ላይ ማን ምን እንደሚሠራ ለመጠየቅ ጊዜ የለውም።

ይህን ነገር በደንብ ያሰብኩበት የአክስቴን ላፕቶፕ ከነዊንዶውሱ፣ ከነሙሉ ጓዙ፣ ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ ወደሚባል አዲስና ፈጣን ዲስክ ባዛወርኩበት ሰሞን ነው።

አክስቴ የሂሳብ ባለሙያ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤታቸው ሆነው የትንንሽ ነጋዴዎችን መዝገብ ይይዛሉ። የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ አለ፣ ዳቦ ቤት አለ፣ ፋርማሲ አለ። የሁሉም ሂሳብ ያለው ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ነው። ፒችትሪን የማያውቅ የኢትዮጵያ ሂሳብ ሠራተኛ ማግኘት ይከብዳል። ሴጅ የተባለው ባለቤቱ ኩባንያ ስሙን «ሴጅ 50» ብሎ የቀየረው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ ግን ማን ሰምቶት! የሥራ ማስታወቂያው ዛሬም «ፒችትሪ የሚችል» ይላል።

ላፕቶፑ ዕድሜው ከአሥር ዓመት ያልፋል። ሲገዛ ዊንዶውስ 7 ነበረው፤ በኋላ ወደ 10 ከፍ ተደርጓል። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ። ለፒችትሪና ለኤክሴል ይህ በቂ ነው፣ ይተርፋልም። ሆኖም ጠዋት ተከፍቶ ፒችትሪው እስኪነሳ ድረስ አቦሉ ይወርዳል።

ነገሩን ያባሰው መብራት ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ድርግም ይላል፤ ሲመጣ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ባትሪው የሚሠራለት ሰው የላፕቶፑን ክዳን ብቻ ገጥሞ ያድራል፤ ጠዋት ሲከፍተው የትናንቱን ሥራ እንዳለ ያገኘዋል። ለእሱ ኮምፒውተር ቀስ ብሎ መነሳቱ በሳምንት አንዴ የሚገጥም ነገር ነው። አክስቴ ዘንድ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። ግብር መክፈያ በሚደርስበት ወር ደግሞ መብራቱም የሚያውቅ ይመስል ይበረታል። ስለዚህ ኤስኤስዲ ለእኛ ሰው ቅንጦት ነው የሚል ሲገጥመኝ አልስማማም። ከማንም በላይ የሚጠቅመው መብራት ለሚቆራረጥበት ሰው ነው።

ታዲያ ፕሮሰሰሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ለምን ይዘገያል? የአክስቴ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ነው። ሲሰሙት ፈጣን ይመስላል። በሰከንድ 90 ዙር ነው፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። የሚፈለገው መረጃ ከሚያነበው ክንድ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል። ክንዱም ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር ለመሄድ አሥር ሚሊሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ሲደመር፣ እዚህም እዚያም የተበተኑ ትንንሽ ፋይሎችን በሰከንድ መቶ እንኳ ማንሳት ይቸግረዋል። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚያነበው እንዲህ ያለውን ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች። ሽንኩርቱን ለብቻ፣ ጨዉን ለብቻ፣ ዘይቱን ለብቻ እንዲያመጣ ሱቅ የሚላክ ልጅ ቢሮጥም መዘግየቱ አይቀርም። ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ «ዲስክ 100%» የሚለውን ጽሑፍ ያያችሁ፣ ያ ልጅ ነው የሚሮጠው። ፕሮሰሰሩ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም። መረጃው የሚቀመጠው ናንድ ፍላሽ በሚባል ቺፕ ላይ ነው። ፉጂዮ ማሱኦካ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ቶሺባ ውስጥ ሲሠራ ይህን ዓይነቱን ፍላሽ ለዓለም ያስተዋወቀው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ የላፕቶፕ ኤስኤስዲዎች ሲወጡ መጠናቸው 20 ሜጋባይት፣ ዋጋቸው ወደ 1,000 ዶላር ነበር። ዛሬ 20 ሜጋ ማለት ጥቂት የስልክ ፎቶ ነው። ለማንኛውም፣ ኤስኤስዲ ከየትም ቦታ አንድ ትንሽ ፋይል ለማንሳት የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሚሊሰከንድ በጣም ያነሰ ነው። ልዩነቱ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «በሰከንድ 550 ሜጋባይት» የሚለው ቁጥር ትልልቅ ፊልም ለሚገለብጥ ሰው ይጠቅም ይሆናል እንጂ አክስቴን አይመለከታቸውም።

ዲስኩን ለመግዛት መገናኛ ሄድን። አንዱ ሱቅ ገብተን ገና ላፕቶፑን ሳናወጣ ልጁ «ኤስኤስዲውን እንገጥማለን፣ ፎርማት አድርገን አዲስ ዊንዶውስ እንጭናለን፣ ዶክመንትና ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ፋይል ኮፒ እናደርጋለን። አንድ ሰዓት አይፈጅም» አለ። ትሑት ልጅ ነው። አክስቴ ቦርሳቸውን እቅፍ አደረጉና «የለም የኔ ልጅ፣ ፎርማት አታድርጉብኝ» አሉት። ዲስኩን ብቻ ገዝተን ወጣን።

መንገድ ላይ ለምን እንዲህ እንደፈሩ ጠየቅኳቸው። አንድ የሥራ ባልደረባቸው ላይ የደረሰውን ነገሩኝ። ላፕቶፗ ፎርማት ሲደረግ ዶክመንቶቿ በሙሉ ተቀመጡላት። የፒችትሪው መዝገብ ግን አልነበረም። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለሚያውቅ አይደንቅም። የፒችትሪ የድርጅት መዝገብ የሚቀመጠው ዶክመንት ውስጥ አይደለም። በብዙ ማሽኖች ላይ ሲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ውስጥ፣ ፕሮግራሙ በፈጠረው በራሱ ፎልደር ሥር ነው። ሂሳብ የማይሠራ ልጅ እዚያ ገብቶ ለማየት ምክንያት የለውም። ዶክመንት ኮፒ ተደረገ፣ ዴስክቶፕ ኮፒ ተደረገ፣ ሲ ተጠረገ። የስንት ዓመት ሂሳብ አብሮ ሄደ።

ሌላም አለ። አክስቴ መሥሪያ ቤት ሳሉ የጻፏቸው የቆዩ ደብዳቤዎችና ቅጾች ቪዥዋል ግዕዝ በሚባል የቆየ ፎንት የተጻፉ ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዊንዶውስ የራሱን የአማርኛ ፎንት፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው ደግሞ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የእኛ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። ፎንቱ ካለ ደብዳቤው ይነበባል። ፎንቱ ከሌለ የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ጥርቅም ነው። መጫኛው ሲዲ የት እንዳለ ማንም አያውቅም። የሲዲ ማጫወቻ ያለው ኮምፒውተር ራሱ ብርቅ ሆኗል።

የቼክ ማተሚያው ልክ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተዘጋጀው የኤክሴል ቅጽ፣ ብራውዘሩ የያዘላቸው የይለፍ ቃል፣ ዴስክቶፑ ላይ በደንበኛ ተራ የተደረደሩት አዶዎች... ይህ ሁሉ «ፋይል» ተብሎ አይቆጠርም። ግን አክስቴ ሥራ የሚሠሩት በእሱ ነው። ሁሉንም እንደ አዲስ ለማስተካከል ቢሞክሩ፣ የጎደለውን አንድ በአንድ የሚያገኙት ደንበኛ ስልክ ላይ እየጠበቃቸው ነው።

ፎርማት ፈጽሞ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ማሽኑ በቫይረስ ከተበላሸ ወይም ዊንዶውሱ ራሱ ከተቃወሰ፣ እንዳለ ማዛወር በሽታውንም አብሮ ማዛወር ነው። የአክስቴ ዊንዶውስ ግን ደህና ነበር። ቀርፋፋው ዲስኩ ነው። ደህናውን ሶፍትዌር ለዲስኩ ጥፋት መቅጣት ፍትሕ አይመስለኝም።

ወደ ሥራው ልግባ።

መጀመሪያ ያየሁት የአሮጌውን ዲስክ ጤንነት ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ዲስኩ ስለራሱ የመዘገበውን ያነባል። ሰማያዊ ደህና ነው፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ ቀይ ደግሞ ውጡ ማለት ነው። የአክስቴ ቢጫ አሳየ። ለማንበብ ያስቸገሩት ጥቂት ቦታዎች አሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ መመርመሪያ ያስነሳል። እኔ አልመክርም። ቼክ ዲስክ የደከመውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ያስሮጠዋል፤ መሐል ላይ ቢወድቅስ? መጀመሪያ የፒችትሪው ፎልደሮች፣ ደብዳቤዎቹና የፎንት ፋይሎቹ ወደ ፍላሽና ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ተገለበጡ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ቢበላሽ የሚያናድድ እንጂ የሚያስለቅስ አይሆንም።

ቀጥሎ የመጠን ነገር መጣ። አሮጌው 500 ጊጋ ነው፣ አዲሱ 240። ዊንዶውስ ደግሞ የመጀመሪያውን 465፣ ሁለተኛውን 223 ብሎ ያሳያል። አክስቴ ይህን ሲያዩ «ተሰረቅን» ብለው ነበር። አልተሰረቁም። አምራቾቹ በሺህ ያባዛሉ፣ ዊንዶውስ በ1,024 ያካፍላል። የሂሳብ ሰው ስለሆኑ ወረቀት ላይ ሠርተው አመኑ። በነገራችን ላይ እውነተኛ ስርቆትም አለ። 1 ቴራ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን ትንሽ ቺፕ ያለበት ሐሰተኛ ዲስክ ገበያው ላይ ይገኛል። አዲስ ዲስክ ላይ ምንም ከማስቀመጤ በፊት ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባል መሣሪያ ጥግ ድረስ ጽፌ መልሼ አነብበታለሁ። ሰዓት ይወስዳል፤ ግን ከፍርድ ቤት ያጥራል።

እንደ አብዛኛው የእኛ አገር ላፕቶፕ የአክስቴም ሲ እና ዲ ተብሎ ተከፍሏል። ሲ 150 ጊጋ አካባቢ ነው። የቀረው ዲ ነው፤ ዲ ላይ ደግሞ የሠርግ ቪዲዮ፣ መዝሙር፣ የልጆቻቸው ፊልም። አዲሱ ዲስክ ላይ ሁሉም አይገቡም። የዲን ዕቃ በሙሉ ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጠን፣ መገልበጡን አረጋግጠን፣ ከአሮጌው ላይ ዲን አጠፋነው። ይህ መንገድ የሚመቸኝ በአንድ ምክንያት ነው። የሲን መጠን መቀነስ አያስፈልግም። ክፍልፍልን ማጥበብና ማንቀሳቀስ መብራት መሐሉ ላይ ከሄደ ያለውን መረጃ ሊያበላሽ ይችላል። መገልበጥ ግን ከአሮጌው ላይ ያነባል እንጂ ምንም አይጽፍበትም። መብራት ቢሄድ የሚበላሸው ግልባጩ ነው። እንደገና ይጀመራል፣ አለቀ።

ያም ሆኖ ሰፈር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ባትሪ፣ ተውሼ ነበር። ሰውየው ዩፒኤሱን ሲሰጠኝ ሕፃን ልጅ እንደሚያስረክብ ሰው ደጋግሞ አደራ አለኝ።

ዲስኩን እንዳለ የሚገለብጥልኝ መሣሪያ ክሎንዚላ የሚባል ፕሮግራም ነው። ታይዋን ውስጥ የሚሠራ፣ ነፃ፣ ከፍላሽ የሚነሳ፣ ሲያዩት የሚያስፈራ። መልኩ ጥቁርና ሰማያዊ ጽሑፍ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚወደው የማክሪየም ሪፍሌክት ነፃ ዕትም ነበር፤ ድጋፉ በ2024 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ቆመ። የዲስክ አምራቾችም የየራሳቸውን መሣሪያ ይሰጣሉ፤ ለምሳሌ የሳምሰንግ የሚሠራው መድረሻው የሳምሰንግ ዲስክ ሲሆን ነው። ክሎንዚላ ግን የማንንም ስም አይጠይቅም። በልማዱ መድረሻው ከመነሻው ካነሰ እምቢ ይላል። በባለሙያ ምርጫዎቹ ውስጥ ገብቶ «የመድረሻውን መጠን አትመርምር» የሚለውን ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ክፍልፍሎቹ በሙሉ ከዲስኩ መጀመሪያ ላይ ስለተደረደሩ፣ መጨረሻው ባዶ ስለሆነም፣ ይህ አያሰጋም።

ሊያሰጋ የሚገባው ሌላ ነው። መነሻና መድረሻን መለዋወጥ። ክሎንዚላ ዲስኮቹን ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እያለ ይጠራቸዋል። የቱ የቱ እንደሆነ በፊደሉ ማወቅ አይቻልም። በአምራቹ ስምና በመጠኑ ነው የሚለየው። ባዶውን በሞላው ላይ የሚገለብጥ ሰው የሚያገኘው ሁለት ባዶ ዲስክ ነው። ክሎንዚላ ደጋግሞ «እርግጠኛ ነህ?» እያለ የሚነዘንዘው ለዚህ ነው። እኔ አክስቴን ጠርቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ «ከ500 ወደ 240» ብለው እሳቸውም ደገሙት። ባንክ ቤት ብር እንደሚቆጠረው።

አንድ የሚረሳ ነገር ላንሳ። ኮምፒውተሩን በተለመደው መንገድ መዝጋት አይበቃም። ዊንዶውስ 10 ሲዘጋ ቶሎ ለመነሳት ብሎ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ይሆናል፤ ዲስኩንም ክፍት አድርጎ ይተወዋል። ክሎንዚላ ይህን ሲያይ ይቆማል። የሺፍት ቁልፍን ይዞ «ሻት ዳውን» ሲባል ነው በትክክል የሚዘጋው። ሌላው፣ ሲን ብቻ ገልብጦ መሮጥ አያዋጣም። ከሲ በፊት 100 ሜጋ የምትሆን፣ ፊደል የሌላት፣ ዴስክቶፕ ላይ የማትታይ ክፍልፍል አለች። ዊንዶውስ እንዴት እንደሚነሳ የተጻፈው እሷ ውስጥ ነው። እሷ ከቀረች ፋይሉ ሁሉ ተሟልቶ ማሽኑ አይነሳም። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ስሟም አሠራሯም ይለያል፤ ቁም ነገሩ ያው ነው። ዲስኩ በሙሉ ነው የሚገለበጠው።

ኤስኤስዲውን ያገናኘሁት ሳታ የሚባለውን የዲስክ መሰኪያ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ገመድ ነው። ሰማያዊው የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ከተሰካ የሚያዘገየው አሮጌው ዲስክ ብቻ ነው። ጥቁሩ ላይ ከሆነ መጽሐፍ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሲያልቅ ላፕቶፑን ገለበጥኩት። ብሎኖቹን ፈታሁ፣ አሮጌውን አወጣሁ፣ አዲሱን አስገባሁ። አሮጌው 9.5 ሚሊሜትር ይወፍራል፣ አዲሱ 7፤ ከሥሩ ቀጭን ፕላስቲክ ካልገባ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱን ዲስኮች አንድ ላይ አገናኝቶ ማስነሳት አያስፈልግም። ግልባጩ የመነሻውን መለያ ቁጥር ሳይቀር ስለሚወስድ ዊንዶውስ ሁለት አንድ ዓይነት ዲስክ ያይና አንዱን ይዘጋዋል። የሲዲ ማጫወቻውን አውጥተው በቦታው አሮጌውን ዲስክ የሚገጥሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ግራ የሚጋቡት በዚህ ነው። መጀመሪያ አዲሱን ለብቻው አስነስቶ፣ አሮጌውን በኋላ ማጽዳት ይቀላል።

ተነሳ። ግማሽ ደቂቃ አልሞላም። አክስቴ ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ። «አንተ፣ ይሄ ነገር በትክክል ተከፍቷል?»

ከዚያ ያደረጉት ነገር እኔን አስተማረኝ። እኔ ሥራው አለቀ ብዬ ብሎን እየሰበሰብኩ ነበር። እሳቸው ከመሳቢያቸው ወረቀት አወጡ። ለካ ከመዛወሩ በፊት የእያንዳንዱን ደንበኛ ትራያል ባላንስ፣ የሂሳቦቹን ሁሉ ማመሳከሪያ ዝርዝር፣ አትመው አስቀምጠዋል። ድርጅቶቹን አንድ በአንድ ከፍተው የዴቢቱንና የክሬዲቱን ድምር ከወረቀቱ ጋር አመሳከሩ። ሳንቲም ሳይቀር። የፋይል ብዛት ቆጥሮ «ተሟልቷል» የሚለው የኮምፒውተር ሰው እንጂ የመዝገቡ ባለቤት አይደለም። ሁሉም ልክ ሆኖ ሲወጣ መነጽራቸውን አውልቀው «እንግዲህ ያንተን ሥራ ተረክቤያለሁ» አሉ።

በቀረው ባዶ ቦታ ላይ አዲስ ዲ ፈጠርኩ። ዲ ያስፈለገው ለፊልም አይደለም። የፒችትሪው ባክአፕ «ዲ ላይ አስቀምጥ» ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ነው። ፊደሉ ከጠፋ አንድ ቀን ባክአፕ አደረግን ብለው ያልተደረገ ይሆናል።

ሁሉም እንዲህ ቀና አይሆንም። የአንድ ጓደኛዬ ዴስክቶፕ ከሳታ ዲስክ ኤንቪኤምኢ ወደሚባለው ይበልጥ ፈጣን የኤስኤስዲ ዓይነት ሲዛወር ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ብሎ ቆመ። መረጃው ሁሉ አለ። ዊንዶውሱ ግን ሲነሳ የአዲሱን ዲስክ ዓይነት ድራይቨር፣ ዲስኩን የሚያናግረውን ፕሮግራም፣ የመጫን ልማድ አልነበረውም። አንዴ ሴፍ ሞድ በሚባለው የመጠገኛ አነሳስ ሲነሳ ሁሉንም ጭኖ አወቀው፤ ከዚያ በኋላ ደህና ሆነ። አዲስ ላፕቶፕ ያላቸው ደግሞ ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፎ ሊሆን እንደሚችል ይወቁ፤ ብዙዎቹ ባለቤቱ ሳያውቅ ነው የሚቆለፉት። የመልሶ መክፈቻውን ቁልፍ ወረቀት ላይ ሳይጽፉ ብሎን መፍታት አያዋጣም።

ለአክስቴ ሁለት ነገር ነገርኳቸው። አንደኛው ደስ አላላቸውም። ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፤ ይንኳኳል፣ ይዘገያል። ኤስኤስዲ ግን ደህና ሲሠራ ውሎ ማግስቱን ጭራሽ ላይታይ ይችላል። የጠፋ ፋይልም ከሃርድ ዲስክ ላይ ባለሙያ ፈልፍሎ ያወጣዋል፤ ኤስኤስዲ ላይ ግን ዊንዶውስ ፋይሉ እንደጠፋ ለዲስኩ ይነግረዋል፣ ዲስኩም ቦታውን ለራሱ ሥራ ያጸዳዋል። ትሪም ይባላል። ለፍጥነቱና ለዕድሜው ጥሩ ነው፤ ለተሳሳተ እጅ ግን ምሕረት የለውም። ስለዚህ ባክአፑ ዲ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም። ዲ ያው ዲስክ ነው። አርብ አርብ ወደ ፍላሽ እንዲገለብጡ ተስማማን።

ሁለተኛው የዊንዶውስ 10 ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቆመው በኦክቶበር 14፣ 2025 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለግል ተጠቃሚ የተራዘመው የደኅንነት ማሻሻያም የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ይህ ላፕቶፕ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟላም። ስለዚህ ያዛወርኩት ዕድሜው እያለቀ ያለ ሲስተም ነው፤ ይህን መደበቅ አልፈለግኩም። ሊኑክስ ልጫን ብል ፒችትሪው አብሮ አይመጣም። የተስማማነው፣ ግብር ማሳወቅና ኢሜይል በልጃቸው አዲስ ላፕቶፕ እንዲሠራ፣ ይህኛው ከኢንተርኔት ተለይቶ ለፒችትሪ ብቻ እንዲሆን ነው። ፍላሽ ከሰው ሲቀበሉም መጀመሪያ በዚያኛው ላይ ይመረመራል።

አሮጌው ዲስክ ቀኑ ተጽፎበት ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። የሩብ ዓመቱ ሂሳብ በአዲሱ ላይ ተዘግቶ ካለቀ በኋላ ይጸዳል። ፈጣኑ ፎርማት ለዚህ አይሆንም፤ ማውጫውን ብቻ ነው የሚያጠፋው። ዊንዶውስ ከቪስታ ወዲህ ሙሉው ፎርማት ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ይሞላዋል። የሰው ደሞዝ፣ የሰው ዕዳ ያለበት ዲስክ እንዲሁ መርካቶ አይሸጥም። ፎርማት የሚገባው አሁን ነው፤ ለእሱ።

ወሬው ታዲያ ተሰማ። ያቺ መዝገቧ የጠፋባት ባልደረባቸው ባለፈው ቅዳሜ ትንሽ ላፕቶፕ ይዛ መጣች፤ ከዚያ ጉድ በኋላ በርካሽ የገዛችው ነው። እሱም ይንፏቀቃል። ከፈትኩት። ዲስክ የሚገባበት ቦታ የለውም። ማከማቻው ኢኤምኤምሲ የሚባለው ነው፤ 32 ጊጋ፣ ቦርዱ ላይ የተበየደ። የሚነቀል፣ የሚተካ ነገር የለም። የዊንዶውስ ማሻሻያ እንኳ ቦታ አጥቶበት ነው የሚንፏቀቀው። ይህን ሽጠሽ፣ ቢያረጅም ዲስኩ የሚወጣና የሚገባ ላፕቶፕ ግዢ አልኳት። አክስቴም ከጎን ሆነው «ከመሸጥሽ በፊት ትራያል ባላንሱን አትሚ» አሏት። ገና እያሰበችበት ነው።